ከኮምቦልቻ የገዛኋት የአየር ተክል ደሴ ላይ እንዴት እየሆነች ነው

ቀድሜ ልንገራችሁና ላንብበው አላንብበው ብላችሁ ወስኑ። ተክሏ አሪፍ ናት፣ ዋጋዋም ያን ያህል አይጎዳም፣ ግን «አፈር አትፈልግም ውሃ አትፈልግም በአየር ብቻ ትኖራለች» ተብሎ የሚሸጥላችሁ ነገር ግማሹ ውሸት ነው፣ እሱን አምናችሁ መስኮት ላይ ሰቅላችሁ ከረሳችኋት ደርቃ ነው የምታገኟት። አፈር አትፈልግም የሚለው እውነት ነው። ውሃ ግን ትፈልጋለች፣ ያውም አጥግበው ካጠጧት በኋላ ማድረቅ የሚባል ስራ አለ፣ እሱን ማንም አይነግራችሁም።

የገዛሁት ኮምቦልቻ ካለ አንድ የአበባና የችግኝ መሸጫ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ምክንያቱም ከታች ትንሽ ልወቅሳቸው ነው እነሱ ደግሞ መልካም ልጆች ናቸው። አብዛኛው እቃቸው ያው የምናውቀው ነው፣ ጽጌረዳ፣ እሬት፣ ትንንሽ ቁልቋል፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠል አረንጓዴ ምናምን። የአየር ተክሎቹ ለብቻቸው አንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፣ ሶስት አይነት ነበር። ትንሿ በ450 ብር፣ እሷው ራሷ በሚንጠለጠል የብርጭቆ ኳስ ውስጥ ስትገባ 900፣ ከዛ ትልቅ ብርማ ቅጠሏ የተጠማዘዘ አንድ አለች 3,500 ይሏታል፣ እና ደግሞ እንደ ሽማግሌ ጢም ወደታች የሚወርድ ግራጫ ክር ክር ነገር በእፍኝ እየመዘኑ ይሸጣሉ። እኔ ትንሿን ያለ ብርጭቆ ወሰድኩ፣ እህቴ (ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው) ያንኑ በብርጭቆ ወሰደች። ስለዚህ ግምገማው የሁለት ከተማ ነው።

ትንሿ ቲላንድሲያ አዮናንታ ትባላለች። ቲላንድሲያ የሚባለው ትልቅ ወገን ነው፣ ከ600 በላይ አይነት አለው፣ ሁሉም ከአሜሪካ አህጉር ነው የመጡት፣ ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ጀምሮ እስከ አርጀንቲና። አዮናንታ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ልጅ ናት፣ እዛ ዛፍ ላይና ድንጋይ ላይ ተጣብቃ ነው የምትኖረው። ዘመዷ ማን እንደሆነ ብትገምቱ አታገኙትም፣ አናናስ ነው። አናናሱን ገበያ ላይ ስታዩ አናቱ ላይ ያለውን ቅጠል ልብ ብላችሁ እዩት፣ የሷም አበቃቀል እንደዛው ነው፣ ግንድ የለም ቅጠል ከመሀል እየወጣ ዙሪያውን ይደረደራል፣ ብቻ እሷ ከጣት አትበልጥም። ብሮሜሊያድ የሚባለው የነሱ ጎሳ በሙሉ የአሜሪካ ነው ማለት ይቻላል፣ ከዛ ውጪ በተፈጥሮ የሚገኘው አንድ ዝርያ ብቻ ነው፣ እሱም እዚሁ አፍሪካ ጊኒ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅል። ለኛ ሀገር ግን እንግዳ ናቸው።

እቤት ይዤያት ስገባ እናቴ ገና ከማየቷ «ውይ ይሄማ ተቀጥላ ነው፣ ዛፎቹን ይጨርስብሻል» አለች። ደጃችን ላይ ያለውን ወይራ ተቀጥላ ግማሹን አድርቆባት ስለምታውቅ ፍርሃቷ ይገባኛል። ግን አይደለም። ተቀጥላ ስሩን ቅርንጫፉ ውስጥ ሰርስሮ አስገብቶ የዛፉን ውሃ ይጠጣል፣ ይቺ ግን ቅርንጫፉ ላይ ቁጭ ነው የምትለው፣ ከዛፉ ምንም አትወስድም። ስር አላት፣ አጭር ቡናማ ክር የመሰለ፣ ስራው መያዝ ብቻ ነው፣ ስሩን ቆርጣችሁ ብትጥሉት እንኳን ትኖራለች።

ታዲያ በምን ትጠጣለች ትሉኛላችሁ። በቅጠሏ ነዋ። ቅጠሉን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ እኔ አቧራ መስሎኝ ልጠርገው ነበር የሱቋ ልጅ ጮኸችብኝ «እትዬ እንዳትነኪው!» ብላ (በዚህ አመስግኛታለሁ፣ ይሄን አውቃለች)። አመዱ ጥቃቅን ቅርፊት መሳይ ፀጉር ነው። ሲደርቅ ቆም ቆም ይልና ፀሀዩን ይመልሳል፣ ለዛ ነው ግራጫ ብርማ የምትመስለው። ውሃ ሲነካው ይተኛና ውሃውን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ በዛው ቅጽበት ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል። ይሄን እውነት ቁጭ ብላችሁ ማየት አለባችሁ፣ ሳህን ውስጥ ስትነክሯት ቀለሟ እያያችሁ ይቀየራል። ልጆች ቤት ካሉ 450 ብሩ በዚህ ብቻ ይወጣል።

እዚህ ላይ የሱቁ ልጆች የሚሉትና እውነቱ የሚለያየው። «በሳምንት አንዴ ስፕሬይ አድርጊባት አብሽሪ ምንም አትሆንም» ነው የተባልኩት። በስፕሬይ ብቻ ማጠጣት ክረምት ላይ፣ ደሴ ጉም ውስጥ ገብታ በምትውልበት ሐምሌና ነሐሴ፣ ሊያስኬድ ይችላል። በበጋ ግን ከጥቅምት በኋላ ያ ደረቅ ንፋስ ሲጀምር ቅጠሏ ጫፍ ጫፉ ቡናማ ይሆናል፣ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ ያ የጥማት ምልክት ነው። ትክክለኛው አጠጣጥ መንከር ነው፣ በሳምንት አንዴ ሙሉዋን ውሃ ውስጥ 20 ወይ 30 ደቂቃ ማቆየት፣ በጣም ደረቅ በሆነ ጊዜ ሁለቴ። ከዛ ስታወጧት ገልብጣችሁ አራግፏት፣ ተገልብጣ ነው መድረቅ ያለባት፣ ምክንያቱም ቅጠሎቹ መሀል ላይ ውሃ ከታቆረ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጪ ደህና ትመስላችሁና አንድ ቀን ስታነሷት መሀሏ ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል። በአራት ሰዓት ውስጥ መድረቅ አለባት ይባላል። ደሴ ላይ ክረምት በአራት ሰዓት ምን ይደርቃል እናንተው ንገሩኝ፣ ልብስ እንኳን በሁለት ቀን አይደርቅም፣ ስለዚህ በክረምት መንከሩን ተዉትና በስፕሬይ ብቻ ኑሩ።

ሰዓቱም ጠዋት ነው። ማታ አትንከሯት። ይሄ ምክንያት አለው፣ ሰው ዝም ብሎ ያወጣው ህግ አይደለም። አብዛኛው ተክል ቀን ነው የቅጠሉን ቀዳዳ ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባው፣ ይቺ ግን ቀን ከከፈተች ውሃዋ በፀሀይ ይተንባታል፣ ስለዚህ ቀን ዘግታ ውላ ማታ ትከፍታለች፣ ሌሊት ያስገባችውን አስቀምጣ ቀን በብርሃን ትሰራበታለች። በለስም እሬትም አናናስም እንዲሁ ናቸው። ማታ ነክራችሁ እርጥብ እንደሆነች ካሳደራችኋት ፀጉሮቹ በውሃ ተሸፍነው በዛች በምትተነፍስባት ሰዓት አፏን ዘጋችሁባት ማለት ነው። ጠዋት ነክሯት፣ ለማታ ደርቃ ትድረስ።

የውሃው አይነትም ጉዳይ ነው። ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋግር ውሃ ያለበት ሰፈር ያላችሁ ያው ነጭ ነገር ፀጉሯ ላይም ይጋግራል፣ ሲደጋገም ቀዳዳውን ይደፍናል። የዝናብ ውሃ ምርጥ ነው፣ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን አልሰጣትም፣ ቆርቆሮው ዚንክ የተቀባ ስለሆነና እነዚህ ተክሎች ዚንክና መዳብ ስለማይስማማቸው፣ ሳፋ ግቢ መሀል አውጥቼ በቀጥታ ከሰማይ የወረደውን ነው የማጠራቅመው። ጎረቤት ምን እንደሚለኝ አልነግራችሁም።

መዳብ ካልኩ አይቀር ትልቁ ወቀሳዬ እሱ ነው። ሱቁ ተክሎቹን የሚሰቅላቸው ከኤሌክትሪክ ገመድ በተላጠ የመዳብ ሽቦ ነው፣ አንገታቸው ላይ ጠምዝመው። ያምራል፣ ወርቅ ይመስላል፣ ፎቶ ላይ ደግሞ አይጠየቅም። ግን መዳብ ለነዚህ ጎሳዎች መርዝ ነው፣ እርጥበት በነካው ቁጥር በትንሽ በትንሹ ይሟሟል፣ ቅጠሏ ደግሞ የነካውን ሁሉ እንድትመጥ ተብላ የተሰራች ናት። የኔን እቤት እንደደረስኩ ፈትቼ በዓሣ ማጥመጃ ክር ደረቅ የወይራ ቅርንጫፍ ላይ አሰርኳት። ሲባጎም ይሆናል፣ ብቻ ውሃ አምቆ የሚይዝ ነገር ስሯ ስር አታድርጉ፣ ጥጥም ሳርም አፈርም።

ሁለተኛው ወቀሳ ብርጭቆው። እህቴ የወሰደችው ኳስ ከፊት ለፊቱ አንዲት ቀዳዳ ነው ያለችው፣ ንፋስ አይገባም፣ ስትረጪባት ግድግዳው ያልበዋል፣ ከሰዓት ፀሀይ ሲያርፍበት ደግሞ ውስጡ ይግላል። የአየር ተክል ብለው ሸጠው አየር የማያገኝ ቦታ ማስገባት ምን የሚሉት ነው! እህቴን አሳምኜ አስወጣኋት፣ አሁን ብርጭቆው ውስጥ ሻማ አለበት፣ ለሻማ ግን 450 ብር ጭማሪ ውድ ነው።

ወደ ሁለቱ ከተማ ልምጣ፣ ይሄን ነው ብዙ ሰው የጠየቀኝ። ደሴና ኮምቦልቻ መሀል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በታች ትደርሳለህ፣ ግን ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 አካባቢ፣ ደሴ ወደ 2,500። ለሰው ጃኬት የመልበስና ያለመልበስ ጉዳይ ነው፣ ለአዮናንታ ግን ትልቅ ነገር ነው፣ እሷ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቷን ታቆማለች፣ እርጥብ ሆና ብርድ ከመታት ደግሞ ትሞታለች። ደሴ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል ለምታውቁት አልነግራችሁም። የእህቴ በረንዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ውጪ ናት፣ ከጣሪያው ጥላ ስር፣ እና ከኔዋ በግልጽ ትበልጣለች፣ ቅጠሎቿ ሰፋ ብለው ተከፍተዋል። የኔ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ቤት ትገባለች፣ ምስራቅ በሚያየው መስኮት፣ ጠዋት የጦሳ ተራራን ጫፍ ያገኘው ፀሀይ ወዲያው እኛ ጋ ይደርሳል ለሷ ይበቃታል። በልግ ዝናቡ ሲጀምር መልሼ አወጣታለሁ። ሰነፍ ሆና ታድጋለች ግን ደህና ናት። ደጋ ላላችሁ፣ ወግዲ ይሁን መቅደላ ወይ ወረኢሉ አላውቅም ያላችሁበትን ብርድ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ቤት ውስጥ መስኮት ከሌላችሁ አትግዙ። ከሚሴና ባቲ አካባቢ ላላችሁ ግን ብርድ ችግራችሁ አይደለም፣ ቀጥታ የቀትር ፀሀይ ነው የሚያቃጥልባችሁ፣ ጥላ ያዙላት፣ ውሃውንም አዘውትሩ።

ቤት ውስጥ ስታስቀምጧት ደግሞ ከቡና ማፊያው ራቅ። ከሰሉና እጣኑ ጭሱ በየቀኑ ፀጉሯ ላይ ያርፋል። እዚህ ላይ ሱቁ የሚለጥፈው ማስታወቂያ ላይ «የቤትዎን አየር ታጸዳለች» ይላል። ይሄ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ የላቲን አሜሪካ ተመራማሪዎች የከተማ አየር ውስጥ ምን ያህል እርሳስና ሌላ ብረታ ብረት እንዳለ ለማወቅ ቲላንድሲያዎችን ይሰቅሉና በኋላ ቅጠሉን ይመረምራሉ፣ ምክንያቱም አየር ላይ ያለውን ሁሉ ስለምትሰበስብ። ግን ያ መለኪያ መሆን ነው ማጽጃ መሆን አይደለም። ጣት የምታክል ተክል የሳሎን አየር አታጸዳም፣ መስኮት ክፈቱ።

አሁን ደስ ወደሚለው። አበባዋ። አዮናንታ ልታብብ ስትል መሀል ያሉት ቅጠሎች ቀይ ይሆናሉ፣ በርበሬ ቀይ፣ ሰው መጥቶ «አበበች እኮ» ይላችኋል ገና ናት ቅጠሉ ነው። ከዛ ከመሀሉ ቀጭን ሀምራዊ ቱቦ ይወጣል ጫፉ ላይ ቢጫ። ቀዩ ሀገሯ ላይ ሃሚንግበርድ የሚባሉትን ጥቃቅን ወፎች መጥሪያ ነው። ሀምራዊው ቀናት ብቻ ነው የሚቆየው፣ ቅጠሉ ግን ቀይ እንደሆነ ይሰነብታል። የእህቴ አብባለች፣ የኔ ገና።

ታዲያ ይሄን ሱቁ አልነገረንም፣ አንዴ ነው የምታብበው በህይወቷ። ካበበች በኋላ እናትየው ቀስ እያለች ታረጃለች፣ አዲስ ቅጠል ከመሀል አይወጣም። እህቴ ስትደውልልኝ «ደሞ ምን አድርጌያት ነው» ብላ ተጨንቃ ነበር። ምንም አላደረገችም፣ ተፈጥሮዋ ነው፣ እና ከስሯ ጎን ትንንሽ ልጆች አውጥታለች። ልጆቹ የእናታቸውን ሲሶ ወይ ግማሽ ሲያክሉ ቀስ ብሎ ማላቀቅ ይቻላል፣ ካላላቀቃችሁም ተያይዘው ክብ ኳስ ይሰራሉ፣ እኔ ብሆን እንደዛ ነው የምተዋቸው። ስለዚህ 450 ብሩን አንዴ ከፈላችሁ ማለት ነው፣ በትዕግስት። ትዕግስቱ ግን የምር ትዕግስት ነው፣ ከዘር የሚነሱት ዓመታት ይፈጅባቸዋል፣ ከልጅ የሚነሳውም በወር የሚታይ ነገር የለውም።

ሌሎቹን አይነቶች በአጭሩ። ያቺ ትልቋ 3,500 የምትባለው ዜሮግራፊካ ናት፣ ከጓቲማላና አካባቢው። ቆንጆ ናት አልክድም፣ ደረቅ ነገር ከአዮናንታ የተሻለ ትችላለች፣ ግን በጣም ነው የምትዘገየው፣ ዱር ላይ ስለተመናመነች ደግሞ ንግዷ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ስር ነው፣ ከእርሻ የተባዛች መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት አብሯት መምጣት አለበት። ሱቁን ወረቀት አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ ልጁ የገረመው ይመስል አየኝና «ምን ወረቀት?» አለ። በዛ ዋጋ እኔ አልገዛም። ያ ጢም የመሰለው ግራጫ ክር ደግሞ ያው ቲላንድሲያ ነው፣ ድሮ አሜሪካኖች አድርቀው ፍራሽና የመኪና ወንበር ይሞሉበት ነበር። እዚሁ አካባቢያችን ያለው የጎፍ ደን ውስጥ ጽድ ላይ ተንጠልጥሎ የምናየው ግራጫ ነገር ይመስላል ግን አይደለም፣ የኛው ጭራሽ ተክል እንኳን አይደለም፣ ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ሌላ ፍጥረት ነው። «ከየጎፍ ለምን አላመጣም ታዲያ በነጻ» ብሎ የጠየቀኝ ወንድሜ ለዚህ ነው ያልተሳካለት። ክሩ ቶሎ ይደርቃል፣ ደሴ ቤት ውስጥ ለሚያስቀምጥ ሰው አልመክርም።

አገልግሎታቸው ጥሩ ነው። ደሴ ድረስ በሚኒባስ ይልካሉ፣ በቀዳዳ ካርቶን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ አፈር ስለሌለ ምንም አይደፋም፣ የጓደኛዬ ሳትሰበር ነው የደረሰችላት። ጥያቄ ስትጠይቋቸው አይሰለቹም፣ ባያውቁትም በፈገግታ ነው የማያውቁት። አንድ ማዳበሪያ ጠርሙስ አብረው ለመሸጥ ይሞክራሉ፣ ጀርባውን ሳነበው መዳብም ዚንክም አለበት፣ ተዉት። ማዳበሪያ ካማራችሁ ለኦርኪድ የሚሸጠውን፣ ጠርሙሱ ላይ ከታዘዘው ሩብ ያህሉን ብቻ፣ በወር አንዴ ከምትነክሩባት ውሃ ጋር። ባትሰጧትም ትኖራለች።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለተክሏ ከ5 ውስጥ 4፣ ለሱቁ 3። ባለፈው ለእናቴ አንድ ልገዛ ተመልሼ ሄጄ (አዎ ተቀጥላ ናት ያለችው እናቴ፣ አሁን የራሷን ትፈልጋለች) የመዳቡን ነገር ለልጅቷ ነገርኳት፣ ሰምታኛለች መሰለኝ አዲስ የመጡትን በሲባጎ ማሰር ጀምረዋል፣ ዋጋውንም 500 አድርገውታል።